በልጄ ስም በየዓመቱ ጥር ላይ ስለሚታደሰው የመኪና መድን

ኅዳር 12 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለመከታ መድን አክሲዮን ማኅበር
የደብረ ብርሃን ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ
ደብረ ብርሃን

ጉዳዩ፦ የሞተ ሰው እና የወደቀ መኪና የመድን ውል ዳግመኛ እንዳይታደስ ስለመጠየቅ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

እኔ አመልካች በመንዝ በዘመሮ ከተማ አጠገብ ነዋሪ ስሆን የደንበኛዎ የአቶ ምንተስኖት ጌጡ እናት ነኝ። የምለምንዎ ማኅተም ያረፈበት አንድ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው «የዚህ መኪና የመድን ውል ተቋርጧል» ቢል ይበቃኛል። እሱን ካገኘሁ ልጄ ወደ ተቀበረበት ቤተ ክርስቲያን በቀጥታው መንገድ መሄድ እችላለሁ። የመድን ውልና የመቃብር መንገድ እንዴት እንደ ተያያዙ እኔም ለመረዳት ጊዜ ስለ ፈጀብኝ፣ ከሥር ጀምሬ እንዳስረዳ ይፍቀዱልኝ።

ጽሕፈት የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመን ነው። ይህን አቤቱታ በራሴ እጅ ለመጻፍ ዘጠኝ ቀን ወስዶብኛል። ከተማ ያለው ማመልከቻ ጸሐፊ ባንድ ሰዓት ይጨርስልኝ ነበር። ነገር ግን ገና ሲጀምር «ሟች የተባለው ግለሰብ» ብሎ ስለ ጻፈ ወረቀቱን ተቀብዬ ወጣሁ። የተባለ አይደለም። ሞቷል።

1. ጥር 14 ቀን 2001 ዓ.ም. ማለዳ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ባና ለምንለው ብርድ ልብስ የሚሆን የበግ ጠጉር እፈትል ነበር። የደብራችን አገልጋይ ቄስ ኃይለ ኢየሱስና ሦስት የማኅበር ሰዎች መጡ። መጀመሪያ ስለ ገብሱ ጠየቁኝ። ቀጥሎ ስለ ውርጩ፣ ቀጥሎ ስለ ጎረቤት ላም ጠየቁኝ። በኛ አገር መርዶ የሚነግር ሰው አይጣደፍም፤ የሚነገረውም ሰው አይጣደፍም። ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው መልበሳቸውን ካየሁ በኋላ ግን ስለ ላሟ መመለስ አልቻልኩም። ቄሱ «አልጣሽ፣ ምንተስኖት አርፏል» አሉኝ። እንዝርቱን መሬት አስቀመጥኩት። ያ ባና እስከ ዛሬ አልተሠራም።

2. ልጄ ያረፈው በዋዜማው ነው። ከቀየት ገበያ ብቻውን ሲመለስ፣ ከቤተ ክርስቲያናችን በታች ባለው መዞሪያ ላይ ፍሬን እንቢ ብሎት ፒክአፑ ገደሉን ይዞ ወረደ። ከኋላው ጨው ጭኖ ይመጣ የነበረው የቆላው ነጋዴ ባድሩ ወርዶ ልጄን አወጣው፤ የራሱንም ጋቢ አለበሰው። ሌላ የተጎዳ ሰው የለም። የልጄ ዕድሜ ሃያ ሰባት ነበር።

3. መኪናው ከድርጅትዎ የሦስተኛ ወገን መድን ነበረው። ይህ ምን ማለት እንደሆነ በኋላ ጠይቄ ተረድቻለሁ። ሦስተኛው ወገን መንገድ ላይ የሚገኝ ሌላ ሰው ነው። ሁለተኛው ወገን ድርጅቱ ነው። አንደኛው ወገን ልጄ ነበር። ስለዚህ ዛሬ አንደኛው ወገን ሞቶ፣ ሁለተኛው ወገን፣ ገደል ውስጥ ከተኛ መኪና ሦስተኛውን ወገን ይጠብቃል። እስካሁን በዚያ መኪና የተገጨ የለም። ጥበቃው የተሳካ ስለሆነ በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም።

4. ልጄ ከመሞቱ አሥራ ሁለት ቀን በፊት ደብረ ብርሃን ሄዶ መድኑን በራሱ እጅ አሳድሶ ነበር። መንገዱ ስለሚርቀው ከዚያ ወዲያ ውሉ በራሱ እየታደሰ፣ ክፍያውም ከባንክ ደብተሩ በራሱ እየተቆረጠ እንዲቀጥል የሚል ፎርም ሰጥተውት ፈረመ። ሲመለስ «እማዬ፣ ከእንግዲህ እዚያ ድረስ መመላለስ ቀረልኝ» ብሎ ደስ ብሎት ነግሮኛል። እውነቱን ነው፤ ቀረለት። ስለ ተቆረጠው ክፍያ አልከራከርም፤ ያንን ልጄ በሕይወቱም በሞቱም ዕዳውን በጊዜው የሚከፍል ሰው እንደ ነበር ምስክር አድርጌ ይዤዋለሁ።

5. የመጀመሪያው ደብዳቤ የመጣው ጥር 13 ቀን 2002 ዓ.ም. ነው። ቀኑ የሙት ዓመቱ ነበር፤ ካህናቱ ፍትሐቱን ጨርሰው ሰው ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል። ያመጣው የአውቶቡስ ረዳት የሆነው ዳኜ ነው። ፖስታው ላይ «ለክቡር አቶ ምንተስኖት ጌጡ» ተጽፏል። በውስጡም «ክቡር ደንበኛችን፣ ውልዎ ለተጨማሪ አንድ ዓመት ታድሷል። ስለ ታማኝነትዎ እናመሰግናለን። መልካም ጉዞ ይሁንልዎ» ይላል። በመኪናው የፊት መስታወት ላይ የሚለጠፍ አዲስ ስቲከርም ነበረበት። መኪናው የፊት መስታወት የለውም።

እዚህ ላይ ጥፋቴን አምናለሁ። በመንዝ በሙት ስም ወደ ቤት የመጣ ነገር አይመለስም። ጧፍ ቢሆን፣ አንድ ቁና ገብስ ቢሆን፣ ባለቤቱ ቆሞ በሁለት እጁ ይቀበላል። እኔም ደብዳቤውን እንደዚያ ቆጠርኩት። ድርጅቱ ልጄን አስቦ የሙት ዓመቱን ቀን ጠብቆ የላከው መሰለኝ። ብድግ ብዬ ተቀበልኩ። ከግርጌው ተቆርጦ የሚመለስ ቁራጭ ነበረው፤ «ደርሶኛል፣ ተስማምቻለሁ» ይላል። የመጀመሪያውን ቃል አንብቤ ፈረምኩ። ዳኜንም ባዶ እጁን አልሸኘሁትም፤ ከተዝካሩ አንድ ሙሉ ዳቦ ቁራጩ ወደሚመለስበት ቢሮ እንዲያደርስልኝ ለመንኩት። አድርሷል።

6. በ2003ም በ2004ም ጥር ላይ ደብዳቤው መጣ። ሁለቱንም ፈረምኩ። ለምን እንደ ፈረምኩ ወደ ታች እናገራለሁ።

7. ባለፈው ሚያዝያ ባድሩ ቤቴ መጣ። «እናቴ፣ ልጁን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ብረቱንም እኔ ላውጣው። መኪናና ሰንሰለት አለኝ፤ ምንም አልፈልግም» አለኝ። ሰሌዳውን ለመመለስና ብረቱን ለማንሣት ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ሄድን። እነሱም መዝገብ አይተው፣ ይህ መኪና የጸና መድን አለውና በሥራ ላይ ያለ መኪና ነው፣ በሥራ ላይ ያለ መኪና እንደ ቁርጥራጭ ብረት አይነሣም አሉን። ባድሩ «በምን ሥራ ላይ?» ብሎ ጠየቀ። መድኑ መቋረጡን የሚገልጽ ደብዳቤ ከድርጅትዎ እንድናመጣ ታዘዝን።

8. ስለዚህ ሰኔ 2004 አንድ ሙሉ ቀን በአውቶቡስ ተጉዤ ቢሮዎ ድረስ መጣሁ። መስተንግዶው መልካም ነበር፤ ወንበርም ሰጡኝ። በውል ክፍል መስኮት ያገኘኋት ሠራተኛ ሳሌም ትባላለች፤ ትሑት ልጅ ናት። «እማማ፣ ለማቋረጥ ባለንብረቱ በአካል ቀርበው መፈረም አለባቸው» አለችኝ። መምጣት እንደማይችል ነገርኳት። ሩቅ ናቸው ወይ አለችኝ፤ ሩቅ ነው አልኳት። «እንግዲያው ውክልና ይላኩ» አለች። በዚያ አገር ውክልና የሚያጸድቅ ጽሕፈት ቤት ስለ መኖሩ ቄሱን ጠይቄ እንደምመጣ ነገርኳት። ያን ጊዜ ገባት። ከወንበሯ ተነሥታ «ነፍስ ይማር» አለችኝ፤ ዓይኗም እንባ አቀረረ። ከዚያ ተቀመጠችና ፎርሙ ለዚህ ቦታ የለውም አለችኝ።

ፎርሙን አሳየችኝ። ውል የሚቋረጥባቸው ምክንያቶች ሦስት ናቸው፤ መኪናው ሲሸጥ፣ ደንበኛው ወደ ሌላ መድን ድርጅት ሲዛወር፣ ደንበኛው ከአገር ሲወጣ። ሦስተኛው ላይ ምልክት ብናደርግስ ብዬ ጠየቅኳት። ልጅቱ ነገሩን ከልቧ አሰበችበት። ኋላ ግን ለሱም የፓስፖርት ቅጂ እንደሚያስፈልግ አስታወሰች።

እያወራን ሳለ የመንዝ ሰው መሆኔን ሰምታ፣ ከዓመታት በፊት ከዚያ አገር ለቢሮው ዳቦ ተልኮ እንደ ነበር፣ ሁሉም እንደ ተቃመሱት፣ እንዲህ ያለ ዳቦ በልታ እንደማታውቅ አጫወተችኝ። እኔ ነኝ የላክሁት አልኳት። አመሰገነችኝ። የማን ተዝካር እንደ ሆነ ግን አልጠየቀችኝም፤ እኔም ምሳዋ እንዳይጎረብጣት ብዬ ተውኩት። ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ለእርስዎ ግን መናገር ያለብኝ ይመስለኛል። ቢሮዎ የልጄን ተዝካር በልቷል። የበላ ሁሉ ነፍስ ይማር ይላል እንጂ ውል አያድስም።

9. በመጨረሻ ሳሌም የመኪናውን መውደም የሚያውቀው ካሳ ክፍል ነው ብላ ወደ ሌላው መስኮት መራችኝ። እዚያ ያሉት መርማሪ አቶ ማሙሽ ናቸው። አወቁኝ፤ እኔም አወቅኋቸው። ልጄ በሞተ በሦስተኛው ቀን መኪናውን ሊያዩ መጥተው፣ ፎቶ አንሥተው፣ ከለቅሶው ንፍሮ ቆንጥረው የሄዱ ሰው ናቸው። ፋይል አወጡ። የመኪናው ፎቶ አለ። «ተሽከርካሪው ሙሉ በሙሉ ከጥቅም ውጭ ሆኗል፤ አሽከርካሪው ሕይወቱ አልፏል» የሚል ጽሑፍ አለ። ማኅተም አለው። ቀኑ ጥር 15 ቀን 2001 ነው። እንግዲህ ድርጅትዎ የልጄን ሞት ያወቀው ከእኔ አንድ ቀን ብቻ ዘግይቶ ነው።

ይህን ወረቀት ለውል ክፍል ቢያሳዩልኝ ብዬ ለመንኳቸው። «እናቴ፣ እኛ የካሳ ክፍል ነን፤ እነሱ የውል ክፍል ናቸው። የኛ ፋይል ከኛ አይወጣም» አሉኝ። በሁለቱ መስኮቶች መካከል ያለውን ርቀት ስመለስ በእግሬ ለካሁት። በእኔ በአሮጊቷ እርምጃ አሥራ አራት ነው። በአንደኛው መስኮት ልጄ ከሞተ አራተኛ ዓመቱን ይዟል። በሌላኛው መስኮት በደህና እየነዳ ነው። አሥራ አራቱን እርምጃ የሚሄድለት ሰው ነው ያጣው።

ስወጣ ሳሌም ተከትላ መጥታ አንድ መላ ነገረችኝ። ባለንብረቱ ካልቀረበ፣ መኪናው ለምርመራ ቢቀርብም ይበቃል አለች። መኪናውን ለማምጣት ማንሣት ያስፈልጋል፤ ለማንሣት ውሉ መቋረጥ አለበት፤ ውሉ እንዲቋረጥ መኪናው መምጣት አለበት። ይህን ለባድሩ ብነግረው «እናቴ፣ እኔ ጨው ነጋዴ ነኝ» አለኝ።

10. የውላችሁን አንቀጽ ዘጠኝ ቄሱ አንብበውልኛል። ደንበኛው ዘመኑ ከማለቁ ከሠላሳ ቀን በፊት በጽሑፍ ካልተቃወመ፣ ዝምታው እንደ ስምምነት ይቆጠራል ይላል። ልጄ በጽሑፍ አለመቃወሙ እውነት ነው። በሕይወት ሳለም ደብዳቤ መጻፍ አይወድም ነበር። ዝም ማለቱንም አልክድም፤ ከርሱ የበለጠ ዝም ያለ ደንበኛ ያላችሁ አይመስለኝም።

ነገር ግን እኛም የሚታደስ ነገር አለን። ልጄ የገብርኤል ማኅበርተኛ ነበር። ማኅበራችን በየወሩ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። በመጨረሻ ሁሉም ይቆምና የሚቀጥለው ተረኛ በስሙ ተጠርቶ፣ ቄሱ ፊት ቀርቦ፣ ጽዋውን በገዛ እጁ ያነሣል። በእጁ ካላነሣ ተረኛ አይደለም። ታሞ ከሆነ ይጠየቃል፤ ርቆ ከሆነ ይጠበቃል፤ ዝም ካለ ግን እሺ ብሏል ብሎ ጽዋውን ቤቱ የሚያስቀምጥበት የለም። በ2001 ሚያዝያ ተራው የልጄ ነበር። መሞቱን ሁሉም እያወቀ ሥርዓት ነውና ስሙ ሦስት ጊዜ ተጠራ። ሦስቴም ዝም ሆነ። ቄሱ ጽዋውን ይዘው ቆዩና «ወንድማችን ጽዋውን አላነሣም» አሉ። ለሌላው ሰጡት። ያን ቀን እጅግ አዘንኩባቸው። ዛሬ ግን የእናንተን አሠራር ካየሁ በኋላ፣ እነዚያ ፊደል ያልቆጠሩ ገበሬዎች ለልጄ ያደረጉለት አክብሮት እንደ ሆነ ገብቶኛል። ጠርተው፣ መልሱን ጠብቀው፣ ዝምታውን ዝምታ ነው አሉ።

11. አሁን ስለ ሁለቱ ፊርማዎች። ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ይህን መጻፍ አልነበረብኝም፤ ግን አቤቱታ የሚጽፍ ሰው እውነቱን ሸሽጎ መብቱን አይጠይቅም። በ2003 ደብዳቤው የሙት መታሰቢያ እንዳልሆነ አውቄያለሁ። ሁለተኛውንም ቃል አንብቤዋለሁ። የፈረምኩት ዳኜ ከአውቶቡሱ ወርዶ ፖስታውን ሲያነሣ «የአቶ ምንተስኖት ጌጡ ቤት» ብሎ ስለ ተጣራ ነው። በሕይወት ሳለ አቶ ያለው ሰው አልነበረም። ሁሉም ምንቴ ነበር የሚለው። ጎረቤትም ከጊዜ በኋላ ስሙን እኔ ፊት መጥራት ተወ፤ ለእኔ አስበው ነው። በዓመት አንድ ቀን ክቡር ብሎ የሚጽፍለት የእናንተ መሥሪያ ቤት ብቻ ቀረ። ስለዚህ ጥር በገባ ቁጥር አውቶቡሱን እጠብቅ ነበር። ውሉ ሦስት ጊዜ በራሱ ታደሰ ብዬ ከስሻለሁ፤ ሁለቱን ግን እኔ ነኝ ያደስኳቸው።

12. ከዚህ በላይ ግን መቀጠል አልችልም። መኪናው ከመዞሪያው ሥር እስከ ዛሬ ተጋድሞ አለ። በጎች ከጥላው ያርፋሉ። ሰው ቦታውን የምንተስኖት መዞሪያ ይለዋል፤ በዚያ ሲያልፍም ያማትባል። እኔ በዚያ ማለፍ አልቻልኩም። ሦስት ዓመት ሙሉ በታች በወንዙ በኩል ዞሬ ቤተ ክርስቲያን ስስም ቆየሁ፤ ከመቃብሩም የደረስኩት በዚያው ነው። ያለፈው ክረምት መወጣጫውን ናደው፤ ጉልበቴም ተከተለው። ከመስከረም ወዲህ ቤተ ክርስቲያን አልሳምኩም፤ ልጄንም አላየሁትም። የቀረኝ መንገድ የመኪናው መንገድ ነው። ያ ብረት ከተነሣ በዚያ ለማለፍ እሞክራለሁ። ባድሩ ሰንሰለቱን አዘጋጅቶ እየጠበቀ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው የሚከተለውን ነው፦

ሀ. የውሉ ዘመን ታኅሣሥ 30 ስለሚያልቅ ይህ ጽሑፍ ከሠላሳ ቀን በፊት የደረሰ የጽሑፍ ተቃውሞ ሆኖ እንዲያዝልኝ። ልጄ መቃወም ስላልቻለ የተቃወምኩት እኔ ነኝ። ቀድሞ የፈረምኳቸውንም አንሥቻለሁ።

ለ. ከሁለቱ መስኮቶች መካከል አሥራ አራት እርምጃ የሚሄድ አንድ ሠራተኛ ታዝዞ፣ የአቶ ማሙሽን ፋይል ለሳሌም እንዲያሳይልኝ።

ሐ. የውሉ መቋረጥ ማኅተም ባለው ደብዳቤ ተገልጾ ከጥር 13 በፊት እንዲሰጠኝ። ዳኜ ያመጣልኛል። ለዚህኛው ስፈርም ሁለቱንም ቃል አንብቤ ነው።

መ. ፎርሙ ወደፊት ሲታተም አራተኛ ምክንያት እንዲጨመርበት። ሌላም እናት ወደዚያ መስኮት መምጣቷ አይቀርም።

የቀበሌውን የሞት ማስረጃና የሦስት ዓመቱን ስቲከሮች ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ስቲከሮቹ የሚለጠፉበት ስላላገኙ አዲስ ናቸው። ደብዳቤዎቹን ግን አላያያዝኩም። ስሙ ያለባቸው ስለሆኑ እኔ ዘንድ ቢቀሩ ድርጅቱን የሚጎዳ አይመስለኝም።

የመጨረሻው ልመናዬ በሕግም በደንብም የተጻፈ አይደለም፤ እርስዎም እምቢ ሊሉኝ ይችላሉ። ልጄን ከመዝገባችሁ ስትሰርዙት ዝም ብላችሁ አትሰርዙት። የሚሰርዘው ሠራተኛ እስክሪብቶውን ከማሳረፉ በፊት ስሙን አንድ ጊዜ ድምፁን አሰምቶ ይጥራው። መልስ የለም፤ ግን ይጥራው። ከዚያ ዳቦውን የቀመሳችሁም፣ ዘግይታችሁ የተቀጠራችሁም፣ እንደየሃይማኖታችሁ ነፍስ ይማር በሉልኝ። የክርስትና ስሙ ወልደ ሰንበት ነው። በውሉ ላይ አልተጻፈም፤ እግዚአብሔር ግን የሚያውቀው በዚህኛው ነውና ስትጸልዩለት በሱ ጥሩት።

ከመንዝ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

አልጣሽ ጫኔ
(ፊርማ)
የወልደ ሰንበት እናት